ከአዘዞ እስከ ኪሊንዶኒ፦ ከጎንደር ተነሥቶ በትንሽ አውሮፕላን ማፊያ ደሴት ለመግባት

ማፊያ ከታንዛኒያ ጠረፍ ማዶ፣ የሩፊጂ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። ብዙ ሰው የሚሄድባት ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ዳርቻዋ የሚጠጋውን ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ነው። ሌላው በ1995 እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ የመጀመሪያው ሆኖ በተከለለው የባሕር ፓርክ ውስጥ ለመጥለቅ ይሄዳል። ከጎንደር ለሚነሣ ሰው መንገዱ ሦስት በረራ ነው፦ ከጎንደሩ አየር ማረፊያ ከአዘዞ ቦሌ፣ ከቦሌ ዳር ኤስ ሰላም፣ ከዳር ኤስ ሰላም የማፊያ ዋና ከተማ ወደሆነችው ኪሊንዶኒ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ጉዞ የሚበላሸው ግን በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱ ሦስት ነው። የመጨረሻው አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ የሚጭነው በኪሎ ተቆጥሮ ነው። የሚበርረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ትኬቱም ከትልቁ አየር መንገድ ትኬት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ካመለጠ የሚጠይቁት ሰው የለም። ስለዚህ ዕቅዱ ከኪሊንዶኒ ተጀምሮ ወደ ኋላ ወደ አዘዞ ይሠራል። መጀመሪያ የአዲስ አበባን ትኬት የቆረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ቀንና ሰዓት አያያዝ

ትንሹ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ሴስና ካራቫን ነው፦ ባለ አንድ ሞተር፣ አሥራ ሁለት ሰው ገደማ የሚይዝ። ፀሐይ በማፊያ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ የመጨረሻው በረራ ከዚያ ቀደም ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ዳር ኤስ ሰላም ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት የሚያርፍ ሰው በወረቀት ላይ ሲታይ የሚደርስ ይመስላል። ነገር ግን የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ከዚያ ሌላ ተርሚናል መሄድ አለ። በትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ሰዓትና በትንሹ መነሻ ሰዓት መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይተዉ። ያን ያህል ክፍተት ካልተገኘ ዳር ኤስ ሰላም ያድሩና በማግስቱ ጠዋት ይብረሩ። የአንድ ሌሊት አልጋ ከጠፋ ትኬት ይረክሳል፤ የጠዋት አየርም በአብዛኛው ከከሰዓቱ የተረጋጋ ነው።

በትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 15:00 የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ 08:00 ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ታንዛኒያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስላሉ የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። የታክሲ ሹፌሩ በስዋሂሊ «ሦስት ሰዓት» ካለዎት የእኛው ጠዋት ሦስት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ካለ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ነው። የሚያሳስትዎ መሐል ላይ ሲቀላቅሉት ነውና ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብለው ይጠይቁ። ቀኑንም እንዲሁ፦ ቦታ ሲያስይዙ የፈረንጁን ቀን ብቻ ይጻፉ፤ ከቤተሰብ ጋር ሲነጋገሩ በሐበሻው ያስቡ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዚያ ጠረፍ ረጅሙ ዝናብ ነው። በረራ ይሰረዛል፣ አንዳንድ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጭር ዝናብ አለ፤ እሱ ብዙም አያስቆምም። በእኛ በኩል የሚከብደው ጥምቀት ነው። የጥር 11 ሰሞን ከዌል ሻርኩ ወቅት ጋር ይገጥማል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ጎንደር የሚገባው፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ከጎንደር የሚወጣው አውሮፕላን ይሞላል። ለጥምቀት ከደሴቱ ተመልሰው ቤትዎ መሆን ከፈለጉ የአዲስ አበባ–ጎንደሩን ወንበር ከወራት በፊት ይያዙ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናና ጭጋግ አዘዞ ላይ በረራ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በዚያ ወቅት ከጎንደር በአንድ ቀን ዳር ኤስ ሰላም ለመግባት አይሞክሩ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምሩ።

ወረቀት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቪዛ፣ ከዚያ የትንሹ አውሮፕላን ቦታ፣ ከዚያ የውጭው በረራ፣ በመጨረሻ የጎንደሩ። የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል። እዚያ ስደርስ አገኛለሁ ብለው በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይነሡ፤ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ብለው ያመልክቱ፣ ቪዛው እጅዎ ሳይገባ ገንዘብ የማይመለስበት ትኬት አይግዙ። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው ብለው ይያዙት። ክትባቱ ካርዱን የሚያጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በጉዞው ዋዜማ የተወጋ ሰው ካርዱ ገና አልጸናለትም። አንዴ ከተከተቡ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ላይ 10 ዓመት ተብሎ ቢጻፍም ደንቡ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተለውጧል። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስቀምጡት።

ቦሌ ላይ የሚወጣ ሰው የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። የትንሹን አውሮፕላን ትኬት ጨምረው ሁሉንም አትመው ይያዙ። ስልክ ላይ አለኝ ማለት ባትሪ እስካለ ድረስ ነው።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የትንሾቹ ኩባንያዎች ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር የትኛው ስም እንዳለ አይተው፣ ፊደል በፊደል እንደዚያው ይሙሉ። ሦስቱም ትኬት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢጎድል በመግቢያው ላይ የሚባክነው ጊዜ ከእርስዎ ነው።

ትንሹን አውሮፕላን ማስያዝና መክፈል

ተራ የብር ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ያሉት መንገዶች ከባንክ የውጭ ምንዛሪ የተሞላ ካርድ ማውጣት፣ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ማድረግ፣ ወይም የሚያርፉበት ቤት ወንበሩን ይዞልዎ ሒሳቡን ከአልጋው ጋር እንዲቀበል መስማማት ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ የደሴቱ ሰዎች የትኛው በረራ በእርግጥ እንደሚወጣ ከድረ ገጹ ይልቅ ያውቃሉ።

ሲያስይዙ አራት ነገር ይጠይቁ። በረራው የሚወጣው ቢያንስ ስንት ሰው ሲኖር ነው? አንዳንዱ ለአንድ መንገደኛ አይነሣም። መንገድ ላይ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አለ? ከየትኛው ተርሚናል ይነሣል? የሻንጣው ገደብ ስንት ነው፣ የእጁን ያካትታል? መልሱን በጽሑፍ፣ በዋትስአፕም ቢሆን ይያዙ። ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ደግመው ይጠይቁ፤ መነሻው በአንድ ሰዓት ሊቀደም ወይም ሊዘገይ ይችላል፣ ለውጡንም ሁልጊዜ አይነግሩም።

አሥራ አምስት ኪሎ

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ የጎንደር ሰው ባዶ እጁን አይሄድምና።

የተለመደው ገደብ በአንድ ሰው 15 ኪሎ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ። ካራቫን ሰውን፣ ዕቃውንና ነዳጁን ጭኖ ሲነሣ ሙሉ ክብደቱ ከ4 ቶን ያንሳል። አሥራ ሁለት ሰው እያንዳንዱ 80 ኪሎ ቢመዝን 960 ኪሎ ነው፤ ዕቃቸው በ15 ሲታሰብ 180 ኪሎ ይጨመራል። ሁሉም በትልቁ አውሮፕላን እንደለመደው 30 ኪሎ ይዞ ቢመጣ ሌላ 180 ኪሎ፣ ማለትም ከሁለት ሰው በላይ ተጨማሪ ጭነት ይሆናል። ያን ጊዜ አብራሪው ወይ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወይ ሰው፣ ወይ ሻንጣ። የሚቀረው ሻንጣ ነው። በማግስቱ ይመጣል ይባላል፤ የማግስቱም አውሮፕላን ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ሙቀትም የራሱን ይቀንሳል፦ የሞቀ አየር ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ።

ሻንጣው ለስላሳ ይሁን፤ ጨርቅ ወይም ሸራ። ዕቃው የሚጫነው ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ባለች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ስለማይታጠፍ ክብደቱ ቢሞላም ቅርጹ አይገባም፤ ባዶውን ብቻ 4 ኪሎ ሊመዝን ይችላል።

ኪሎውን እንዲህ መደልደል ይቻላል፦ ባዶ የጨርቅ ቦርሳ 1፣ ልብስ 5፣ ጫማ 1፣ የንጽሕና ዕቃና መድኃኒት 1 ተኩል፣ የዋና መነጽርና መተንፈሻ 1 ተኩል፣ ስልክ፣ ቻርጀርና ፓወር ባንክ 1 ተኩል። እስካሁን 11 ተኩል ነው። ለስንቅ 3 ተኩል ይቀራል፦ በርበሬ 1፣ ሽሮ 1፣ ድርቆሽ 1፣ የተቆላ ቡና ግማሽ። ድርቆሽ ከሁሉም ይሻላል፦ ቀላል ነው፣ አይበላሽም። ቅቤ አይያዝ። የተነጠረውም ቢሆን በዚያ ጠረፍ ሙቀት ዘይት ሆኖ ይፈሳል፣ ቦርሳውንና የጎረቤትዎን ቦርሳ ያበላሻል። ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም፤ ግድ ከሆነ በሚጫነው ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ። ጋቢ ከኪሎ በላይ ስለሚበላ ቤት ይቅር፤ ነጠላ ይበቃል። ለጎንደር ማለዳ ብርድ ጃኬት ቢለብሱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ትተውት መሄድ ይችላሉ።

ልብስ ደራርቦ ለብሶ ኪሎ ማዳን የሚባለው ዘዴ እዚህ አይሠራም። ሰውም ሊመዘን ይችላል።

ፌስታል ሌላው ጉዳይ ነው። ታንዛኒያ ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላለች። በርበሬውን በሦስት ፌስታል ጠቅልሎ መሄድ ልማዳችን ስለሆነ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ጣሳ ያድርጉት። የንጽሕና ዕቃ የሚያዝባት ባለ ዚፕ ትንሽ ከረጢት፣ ከእርስዎ ጋር ተመልሳ እስከወጣች ድረስ ትፈቀዳለች።

ከመነሣትዎ በፊት ሁሉንም አስረው ሰፈርዎ ያለ ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 14 ኪሎ ካሳየ ጥሩ ነው፤ የአየር ማረፊያው ሚዛን ከሱቁ ጋር ይስማማል የሚል ዋስትና የለም።

ገንዘብ

ብር ከአገር ሲወጡ አያገለግልም። በባንክ በኩል ዶላር ሲጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠየቅ አዲስ አበባ ለመጨረሻ ሰዓት አይተዉት። የዶላሩ ኖት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታተመ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን፤ አሮጌ ኖት እዚያ አይቀበሉም ወይም በቅናሽ ይመነዝራሉ። ዳር ኤስ ሰላም ላይ ለደሴቱ ቆይታ የሚበቃ ሽልንግ ይመንዝሩ። ደሴቱ ላይ ማሽን አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ማሽኑም ይጠፋል።

የጉዞው ቀን

አዘዞ ከመሐል ከተማው ራቅ ስለሚልና መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ጎንደር–አዲስ አበባና አዲስ አበባ–ዳር ኤስ ሰላም በአንድ ትኬት ከሆኑ ሻንጣው እስከ ዳር ኤስ ሰላም እንዲታሰር ይጠይቁ፤ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ዲ፣ ኤ፣ አር የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ። የአዲስ አበባ ምልክት ብቻ ካለ ቦሌ ላይ ወጥተው መልሰው ማስመዝገብ ይኖርብዎታል።

ወደ ዳር ኤስ ሰላም የሚገቡት በተርሚናል 3 ነው። ሻንጣዎ ኪሊንዶኒ ድረስ አይሄድም፤ ተቀብለው፣ ጉምሩክ አልፈው ይወጣሉ። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች በብዛት የሚነሡት ከአሮጌው ተርሚናል 1 ነው፤ በዚያ ሙቀት ሻንጣ ይዞ በእግር የሚኬድ አይደለም፣ ታክሲ ይያዙ። ለሹፌሩ «አገር ውስጥ በረራ» ብቻ ካሉት ተርሚናል 2 ሊያደርስዎ ይችላል። የተርሚናሉን ቁጥርና የኩባንያውን ስም ይንገሩት።

አውሮፕላኑ ላይ መጸዳጃ ቤት የለም። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ የሚመጣ ሰው ግማሽ ሰዓቷም ትረዝምበታለች። የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ መድኃኒቱን ከአንድ ሰዓት በፊት ይዋጡና ወደ ፊት ያለ ወንበር ይጠይቁ። ግን ወንበር የሚመድበው አብራሪው ነው። ክብደቱ በርዝመቱ ላይ መመጣጠን ስላለበት ከጓደኛዎ ቢለዩም አይከራከሩ፤ አንዳንዴ አንዱን መንገደኛ ከአብራሪው ጎን ያስቀምጣሉ። ክብደትዎ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገሩ፣ ሒሳቡ በእሱ ነው የሚሠራው። ሲሳፈሩና ሲወርዱ በአፍንጫው በኩል ፈጽሞ አይለፉ፤ ፕሮፔለሩ የቆመ ቢመስልም። ሠራተኛው ባሳየዎት መንገድ በኋላ በኩል ይሂዱ።

ካቢኑ እንደ ትልቁ አውሮፕላን አየር የታመቀበት አይደለም፣ ሞተሩም ይጮሃል፤ የጆሮ መድፈኛ ወይም ጥጥ ይያዙ። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ፓወር ባንክ በአንገት በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይሁኑ። የእጅ ቦርሳዎን ከሆዱ ሥር ሊጭኑት ይችላሉ፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከሰው ጋር እንጂ ከጭነት ጋር አይሄድም።

መንገድ ላይ ሌላ ቦታ የሚያርፍ በረራ ከሆነ፣ ባረፈበት ሁሉ ተነሥቶ መውረድ አደገኛ ልማድ ነው። የእነዚህ ማረፊያዎች ሕንፃ ትንሽ ነው፣ ስሙም ላይታይ ይችላል። ከመውረድዎ በፊት «ኪሊንዶኒ? ማፊያ?» ብለው አብራሪውን ይጠይቁ፤ ሻንጣዎም አብሮ ሲወርድ ቆመው ይዩ።

ድሮ አሸዋና ጠጠር የነበረው የኪሊንዶኒ ሜዳ ዛሬ አስፋልት ነው። ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኪሊንዶኒ የሚያርፍ ሰው ወዲያው ቤቱ ይገባል። ወደ ቾሌ ባሕረ ሰላጤ የሚሄዱት ግን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ወደ ኡቴንዴ ይጓዛሉ፤ መንገድ ላይ የፓርኩ በር አለ፣ ክፍያው በ24 ሰዓት ይቆጠራል። የሚያርፉበት ቤት መኪና እንዲልክ ቀድመው ይስማሙ።

ወባን ቸል አይበሉ። የደምቢያ ሰው ያውቃታል፤ የከተማው ሰው ግን ይዘናጋል። ጠረፉ ዓመቱን ሙሉ ወባማ ነው። መከላከያ ክኒኑን ሐኪም ያዝዝልዎ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ጎንደር ደረስኩ ብለው አያቋርጡት።

በረራው ቢሰረዝ

ዝናብና ደመና ካገደው መጠበቅ ነው። አብራሪው አልበርርም ካለ አይጨቅጭቁት። ከአንድ ቀን በላይ ከዘገየ ከዳር ኤስ ሰላም በስተ ደቡብ ካለችው ከኛሚሳቲ ወደ ኪሊንዶኒ የሚሻገር መርከብ አለ፤ ለመንገዱና ለባሕሩ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። በመርከቡ እንጂ ሰውና ጭነት በተደራረበባት ትንሽ የእንጨት ጀልባ አይሻገሩ። የሕይወት መትረፊያ ሰደርያ ካላዩ ይመለሱ።

መመለሻ

ከደሴቱ ወጥቶ በዚያው ቀን ቦሌ ለመድረስ አይሞክሩ። አንድ ሌሊት ዳር ኤስ ሰላም ይደሩ፤ በመመለሻ የትንሹ አውሮፕላን መዘግየት የሚያሳጣው ትልቁን ትኬት ነው።

የአየር ጋን ተሸክመው የጠለቁ ሰዎች ከመጨረሻው መጥለቅ እስከ በረራው 24 ሰዓት ይጠብቁ። በውኃው ግፊት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ከባሰም ሽባ ያደርጋል። ትንሹ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ስለሚበርር ችግር የለውም የሚል ሰው ይኖራል። ለጎንደር ሰው ግን ጉዳዩ አውሮፕላኑ ብቻ አይደለም፦ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አዘዞም 2,000 ሜትር ገደማ። ቤትዎ ራሱ ከፍታ ነው። መገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማዎት በረራውን ትተው እዚያው ሐኪም ይፈልጉ።

ዛጎል፣ ኮራልና የደረቀ የባሕር ኮከብ ቦርሳዎ ውስጥ አይክተቱ፤ ከፓርኩ ማውጣት የተከለከለ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጥልዎ ሰው ቢኖርም ሲፈተሹ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።